ማጭድ ይዤ የዋልኩባት ቀን

ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ አጎቴ ማሳ ላይ ጤፍ ሳጭድ ዋልኩ። «ዋልኩ» እንኳ ማጋነን ነው፤ ግማሽ ቀን ብትሆን ነው። ክንዴ እሳት ሆነ፣ የደም ስሮቼ እንደ ገመድ ተገተሩ። አጎቴ አየኝና «አይ የከተማ ልጅ! ገና ደምህ መሞቁ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን እኮ ነው። ቁጭ ባልንበት ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል፤ ለጡንቻ የሚደርሰው አንድ አምስተኛው ቢሆን ነው። ሥራ ሲበረታ ግን ጡንቻ 80 በመቶውን ሊወስድ ይችላል፤ ያውም ልብ የሚረጨው ራሱ ጨምሮ። የሚሠራው ጡንቻ የሚለቃቸው ነገሮች ጥቃቅኖቹን ደም ቅዳዎች (ደም ከልብ የሚያመጡትን ስሮች) ያላሏቸዋል። የደም ስሩ ግድግዳም ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫል (እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ያሸለመ ጋዝ ነው)። የቱቦው ወርድ (ዲያሜትሩ) እጥፍ ቢሆን ፍሰቱ በስሌት 16 እጥፍ ይሆናል። 16! የሆድ ዕቃ ድርሻ ደግሞ ይቀነሳል። ልክ አጎቴ የመስኖውን ቦይ ወደ ድንቹ ከፍቶ የሽንኩርቱን እንደሚደፍነው።

ክንዴ ላይ የተገተሩት ግን ደም መልሶች (ደም ወደ ልብ የሚመልሱት) ናቸው። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ጥቃቅን ደም ቅዳዎች በዓይን አይታዩም። ይህንን ለአጎቴ ማስረዳት ስጀምር «ማጭዱን አንሳ» አለኝ።