የደጋሿ እጅ እንዲያርፍ

ወዳጆቼ፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ይህን የምጽፍላችሁ ከአያት አለፍ ብሎ ካለው የካ አባዶ ነው። ሰሞኑን ሰማዩ መገለጥ ጀምሯል። የረር ተራራ ከደመናው ወጥቶ በጠዋት ይታያል፤ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር አደይ አበባ ፈክቷል፤ በግ ነጂዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ከየፎቁ የኮረሪማና የንጥር ቅቤ ሽታ ይወርዳል። ያለፈው ዓመት ለብዙዎቻችን ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ዘንድሮ ስለ ደስታ ልጽፍላችሁ ወደድሁ፤ ስለ ዋዜማው ምሽትና ስለ ድግሱ፣ ከሁሉም በላይ ግን ድግሱን ስለሚያዘጋጁልን ሰዎች።

የምሽት ሕይወት እወዳለሁ። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው ዘመዶች አሉኝ፤ አከብራቸዋለሁ፣ ግን ደስታዬን አልደብቃቸውም። ፀጉር ተሠርቶ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ፣ ክረምቱን ሙሉ ከቁም ሣጥን ያልወጣ ቀሚስ ሲለበስ፣ ኑሮ ያጎበጠው ትከሻ ቀና ይላል። የዳር ሰፈር ሴቶች የጳጉሜን ጭቃ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ባለ ተረከዙን ጫማ በከረጢት ይዘን በፕላስቲክ ቡትስ እስከ አስፋልቱ እንወርዳለን። ታክሲ ውስጥ ገብተን እንቀይራለን፤ ጭቃ የነካውን ጠቅልለን ከወንበር ሥር እናስቀምጣለን፤ በስልካችን መስታወት ከንፈራችንን እንቀባለን። መኪናው አያትንና ሲኤምሲን አልፎ ወደ መገናኛ ሲያቆለቁል ከተማው ከነመብራቱ ወለል ይላል። ያን ጊዜ የሚሰማኝ የልብ ምት በወጣትነቴም ነበረ፣ ዛሬም አልቀነሰም።

አዳራሹ ጋ ስትደርሱ የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ገና ከበሩ ይቀበላችኋል። ድምፃዊቷ በትዝታ ትጀምራለች፣ ሰው ገና እየገባ፣ ወንበር እየሳበ፣ እየተሳሳመ ነው። ቀስ እያለች ወደ አምባሰል ትሻገራለች፤ ጨዋታው ይቆማል፤ አንዳንዱ ዓይኑን ይጨፍናል። ወደ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ጉራግኛው ይመታና የመሥሪያ ቤት ኃላፊውም ሾፌሩም፣ አክስትም የእህት ልጅም አንድ ላይ ይነሣሉ። አሮጌው ዓመት በላብ ይሸኛል። ከዚህ የበለጠ አሸኛኘት አላውቅም።

ይህ ደስታ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም የተጠራው ውቤ በረሃ በንጉሡ ዘመን የሌሊቱ ከተማ መናኸሪያ ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝ አምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በተነሣው ቃጠሎ እስኪወድም ድረስ ስንቱን ምሽት አደመቀልን! ሙላቱ አስታጥቄ ለጃዙ በግዮን ሆቴል ቤት ሠርቶለታል። የካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶችማ ስንቱን እንግዳ አስቀውት፣ ስንቱን ባለ ጉራ በአንድ ስንኝ አስተንፍሰውታል። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ሰው ሲዛወር ልማዱን ይዞ ነው የሚሄደው። ዛሬ እነሱ በሰፈሩባቸው የዳር መንደሮች ዋዜማውን በቤታቸው የሚያደምቁ፣ ለሙዚቃውም ለጨዋታውም የመሀል ከተማ ወግ የሚያውቁ ደጋሾች አሉ። የምሽቱ ውበት ሆቴል ብቻ ይገኛል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ወደ መኝታ ቤት ተገፍቶ፣ ቄጤማ ላይ በባዶ እግር የተጨፈረበትን ሌሊት ብታዩ ኖሮ እላለሁ።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። ታላላቆቻችን ሲያጫውቱን፣ ማታ ድግስ የገባ ሰው ከሰዓቱ በኋላ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ሳይነጋ አይወጣም ነበር። አሁን ለእኛ ርቀቱ ራሱ ሰዓት እላፊ ሆኗል። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር በጥቅምት 2008 ሥራ ሲጀምር ዳርና መሀሉ ሊገናኝ ነው ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ ግን እሱም ሌሊት ይተኛል። ሚኒባሱ ይጠፋል፣ በስልክ የሚጠራው ታክሲም በዋዜማ ሌሊት ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ዳር ሰፈር የሚደግስ ሰው እራት ብቻ አያበላም፣ ያሳድራልም። ፍራሽ ከጎረቤት ይዋሳል፣ ጋቢ ያወጣል፣ ልጆቹን አንድ አልጋ ላይ ይደራርባል፤ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ተነሥቶ ቡና ያፈላል። ከሁላችን ቀድሞ የሚነሣ፣ ከሁላችንም በኋላ የሚያርፍ ሰው እሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ እሷ ናት።

ባዶ እጅ አይኬድም፤ ይህን ሁላችንም ከእናቶቻችን ተምረናል። ምን ይዘን እንደምንሄድ ግን ብዙም አናስብበትም። አንዲት በሰፈራችን ድግሷ የታወቀ እናት አለች። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ለበዓል ምን ባመጣልዎት ደስ ይልዎታል?» አልኋት። ትንሽ እንኳ አላመነታችም። «ልጄ፣ ሽንኩርት። የተከተፈ ሽንኩርት።»

ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ይህን መልስ ወዲያው ይረዳዋል። ለአንድ ዶሮ ቢያንስ አንድ ኪሎ፣ እንደየባለሙያው እስከ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይገባዋል። መላጥ አለበት፣ በደቃቁ መከተፍ አለበት፣ ከዚያ ቁሌቱ ያለ ዘይት በዝግታ እየተማሰለ ለረጅም ሰዓት እሳት ላይ ይቆያል። በርበሬው ገና አልተጨመረም፤ አሥራ ሁለቱ ብልት ገና በሎሚና በጨው እየታጠበ ነው። ሦስት ዶሮ የምትሠራ ሴት ከሽንኩርቱ ጋር ብቻ ግማሽ ቀኗን ታሳልፋለች፤ ማታ እንግዶቿን ስትቀበል ዓይኗ እንደቀላ ነው። እኛ ደግሞ ተኳኩለን እንመጣና «ምነው ደከመሽ?» እንላታለን። የዚያን ዓመት ከጓደኛዬ ጋር ሆነን በዋዜማው ጠዋት ክዳን ባለው ባልዲ ሙሉ የተከተፈ ሽንኩርት ወሰድንላት። ክዳኑን ከፍታ አየች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ከዚያ ባልዲውን አስቀምጣ ሁለታችንንም አቀፈችን። ማታ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከእንግዶቿ እኩል ስትጨፍር አየኋት። በሰጠሁት ስጦታ ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስጦታን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ የደጋሿን ሥራ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? ለምሳሌ በሕይወት ያለ ዶሮ ይዞ መሄድ ትልቅ ክብር ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ግን በእኛ ልማድ ሴት ዶሮ አታርድም። ባል የሌላት፣ ወንድ ልጇም ያልደረሰላት ሴት ዶሮዋንና ቢላዋዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን «እባክህ ወንድሜ» ስትል አላያችሁም? እኔ አይቻለሁ፤ ልቤን ይነካኛል። ዶሮ የምትወስዱ ወንዶች፣ አርዳችሁና ብልቱን አውጥታችሁ አስረክቡ፤ ከቻላችሁ እስኪታጠብ ቆዩ።

አበባም እንዲሁ ነው። ሆለታና ሰበታ በራችን ላይ ናቸው፤ ዓለም የሚገዛው ጽጌረዳችን የሚበቅለው እዚያ ነው፤ አገራችን በአበባ ንግድ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትጠራለች። ስለዚህ አበባ ይዞ መሄድ ያምርብናል። ነገር ግን እንግዳ በሚጎርፍበት ሰዓት እቅፍ አበባ የተቀበለች ሴት ማማሰያዋን ጥላ ማስቀመጫ ፍለጋ ትሄዳለች። አበባውን ከነማስቀመጫው፣ ውኃውን ሞልታችሁ ስጡ፤ ወይም ራሳችሁ ቦታ ፈልጋችሁ አስቀምጡት። ኬክ ከሆነ ደግሞ ቀኑን እዩ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ጾሙ አይሻርምና፣ ጿሚ ቤት ቅቤና ወተት ያለበት ኬክ መውሰድ ባለቤቲቱን እጇን አሳስሮ ያስቀምጣታል። የጾም ኬክ በየኬክ ቤቱ አለ፤ ቀደም ብላችሁ እዘዙ። ሙስሊም ወዳጆቼ ዘንድ ስሄድ ጥሩ ቴምር ወይም ነጭ ማር እይዛለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ዘመን መለወጫን አብረን ነው ያሳለፍነው።

ስለ ውስኪ አስተያየቴን ልናገር። ውድ ጠርሙስ ይዞ መሄድ በጥሩ ልብ የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን እየቆየ ሰው በጠርሙሱ ስም መመዘን ጀምሯል፤ የሚወስደው የሌለው ወዳጅም በዚሁ ምክንያት «ታምሜያለሁ» ብሎ ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ይዞት የሚሄደው ብዙ ነገር አለው። እኛ ዳር ሰፈር ያለን ሰዎች በተለይ ባለ ሀብት ነን፤ አደይ አበባ የሚያብበው በዓመት አንዴ ነው፣ መሀል ከተማ ያለው ሰው ደግሞ ከነጋዴ ገዝቶ ነው የሚያገኘው። እኛ ወደ ካራ በሚወስደው ዳገት ጠዋት ወጥተን፣ ጤዛው ሳይደርቅ ለቅመን፣ ከእንግጫ ጋር አስረን ቦሌ ላለው ጋባዣችን ይዘን ብንወርድ ከየትኛውም ጠርሙስ በላይ ያኮራል። ጥሬ ቡናም አለ፤ አንድ ኪሎ የሐረር ወይም የይርጋጨፌ ቡና ታጥቦና ተለቅሞ ከቀረበ፣ ለንጋቱ ጀበና ይደርሳል። ዕጣንም አለ። ከመተማና ከሑመራ ቆላ የሚመጣው የዛፍ ዕጣን፣ ቅርፊቱ እየተፋቀ፣ ሙጫው ጠብ እያለ የሚሰበሰብ የሰው ድካም ነው፤ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጥ ቤቱን ለሳምንት ያውዳል። መብራት በበዓል ዋዜማ ሊጠፋ ስለሚችል ከሰልና ሻማ ይዞ የመጣ እንግዳም ምርቃቱን አፍሶ ይመለሳል።

ምንም የሌለው ደግሞ ግጥም አለው። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ መስጠት የቆየ ሥጦታችን ነው፤ በሰው ቤት ድግስ ላይ ግን እየቀረ ነው፣ ሊቀርም አይገባም። ጳጉሜን ማታ ችቦው ሲለኮስ፣ ሁሉም ሰው በተሰበሰበበት፣ ስለ ደጋሿ ሁለት መስመር በሉ። ለዘንድሮ ያዘጋጀሁትን እነሆ፤ የወደደ ይውሰደው፦

ችቦው ተለኮሰ፣ ጨለማው ሸሸና፤
ቤትሽ ሞልቶ ይደር፣ እጅሽ ለጋስ ነውና።

በዚህ ሌሊት ከቤታቸው ውጭ የሚያድሩ ደጋሾችም አሉ፤ እነሱንም በስማቸው ባልጠራም በልቤ ይዣቸዋለሁ። እኛ ስንጨፍር ትሪ ተሸክማ በመካከላችን የምትሽሎከለክ አስተናጋጅ፣ ካፖርታችንን የሚጠብቅ ዘበኛ፣ እስኪነጋ ጣቱ ከክራሩ የማይነሣ ሙዚቀኛ፣ ጭቃ ለብሰን ስንመለስ መኪናው ወንበር ላይ እንድንተኛ የሚፈቅድ ሾፌር፤ የእነሱ ድካም ባይኖር የምሽቱ ብርሃን አይበራም ነበር። ስትወጡ ጉርሻውን በእጃቸው ስጧቸው፣ ዓይናቸውን እያያችሁ «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» በሏቸው። በመስከረም አንድ ጠዋት ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ እነዚህ ሰዎች ገና ወደ ቤታቸው እየገቡ ነው። ከእነሱ መካከል ወዳጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ ጠዋት በራቸውን አታንኳኩ፤ ይተኙ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ዳቦውን ይዛችሁ ግቡ፣ ቡናውንም እናንተ አፍሉላቸው።