ከጉቶ የተነሳው የሁምቦ ደን

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን አስፋልት የያዘ ሰው ሁምቦ ጠበላን ብዙም ሳያያት ያልፋታል። እኔ ግን የመጣሁት ለተራራዋ ነው።

ዳገቱን የመሩኝ የአንድ የደን ኅብረት ሥራ ማኅበር ጥበቃ ናቸው፤ ጠና ያሉ ሰው፣ አረማመዳቸው ግን እኔን የሚያስከነዳ።

«ይኼ ሁሉ የተተከለ እንዳይመስልህ፣ ልጄ» አሉና የአንዱን ወይራ ግርጌ በዱላቸው ነካ አደረጉት። የበቀለው ከአሮጌ ጉቶ ነው።

አካባቢው እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በአብዛኛው ተመንጥሮ ነበር። የተረፈውን ቁጥቋጦ ሰው ለማገዶና ለከሰል ቆረጠው፣ ፍየልም ጋጠው። ሥሩ ግን አልሞተም፤ ያቆጠቁጣል፣ ይበላል፣ ደግሞ ያቆጠቁጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በረድኤት ድርጅቱ ወርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ ደኑን የመመለሱ ሥራ ሲጀመር 2,728 ሄክታር ተከልሎ ከብት እንዳይገባበት ተደረገ። ከየጉቶው ጠንካራ ጠንካራው ቀንበጥ እየተተወ ሌላው ተመለመለ። ችግኝ የተተከለው በጥቂቱ ቦታ ብቻ ነው።

ብልሃቱ ርካሽ ነው፤ የሚከብደው መከለሉ ነው። ግጦሹን ያጣ፣ ከሰል አክስሎ ያድር የነበረ ሰው ምን ብሎ ይታገሣል? እኔ እንደማየው የሁምቦ ቁልፍ፣ የአካባቢው ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት በደኑ የመጠቀም ሕጋዊ መብት ማግኘታቸው ነው። «የመንግሥት ሳለ ሁላችንም ሌቦች ነበርን» አሉ ጥበቃው እየሳቁ።

ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት (በታዳጊ አገር የተቀነሰ ካርበን በሰርተፊኬት የሚሸጥበት አሠራር) ተመዘገበ፤ በዚህ ሥርዓት በአፍሪካ ከተመዘገቡት ትልልቅ የደን መልሶ ማልማት ሥራዎች የመጀመሪያው ነው። በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ያህል ካርበን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይስባል ተብሎ ታቅዷል። በዚህ ሥርዓት ለሽያጭ ይቀርብ የነበረው የካርበን ሰርተፊኬት ግን «ጊዜያዊ» የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ዛፍ ሊቆረጥ ወይም ሊቃጠል ስለሚችል የሚያበቃበት ቀን ተቆርጦለት ነበር። ጥርጣሬው አልከፋኝም።

ጥበቃው ስለ ቶን አንዴም አላነሱም። የሚያሳዩኝ ድሮ ጎርፍ የበላውን ቦረቦር ነው፤ ዛሬ ዳርና ዳሩ ሣር ለብሷል። ዝናቡ ቅጠል ላይ አርፎ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በዚህ አካባቢ 65 ሺህ ያህል ሰው የሚጠጣው ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውኃ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሣሩም ታጭዶ ወደ ቤት ይገባል፤ ዝናብ በቀረ ዓመት ከብት የሚያቆየው እሱ ነው። ለዓለም የካርበን ማከማቻ የሆነው ዳገት ለእሳቸው የድርቅ መጠባበቂያ ነው።

ስንወርድ ከተከለለው ቦታ ጠርዝ ላይ የበቆሎ ማሳ ደኑን ተጠግቶ አየሁ። ባለቤቱ ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት እንደሌለው ነገሩኝ። «ታዲያ ወደ ላይ ቢገፋስ፣ ጋሼ?»

«ገፍቷል እንጂ! በሁለት እርምጃ። እሑድ ስብሰባ አለን።»