ከሲቪዬ ላይ ያጠፋሁት ስራ

ትናንት ማታ ጎንደር አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ደውሎ "እና አሁን የጤና ፖሊሲ ሃላፊ ከሆንክ ፒክአፕ ከነሹፌሩ ሰጡህ? አበሉስ ስንት ነው?" አለኝ። ኧረ ሹፌር የለም፣ ምሳዬን ቋጥሬ በባቡር ነው የምሄደው፣ ቀኑን ሙሉ ስብሰባና በጀት ነው አልኩት። አላመነኝም። ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ የመጀመሪያው ኢንተርቪዬ መጣብኝ።

ጤና መኮንን ታካሚ የሚያይም የጤና ስራ የሚመራም ባለሙያ እንደሆነ ለብዙዎቻችሁ አልነግራችሁም። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም ጀምሮ ስታሰለጥነው የኖረችው ባለሙያ ነው፣ እኔም ተመርቄ ጤና ጣቢያ ታካሚ አይቻለሁ፣ ከዛ ወረዳ ጤና ጽ/ቤት መርቻለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ስገባ ሲቪዬ ላይ በኩራት "ሄልዝ ኦፊሰር" ብዬ ጻፍኩ። ለካ ሜሪላንድ ላይ ሄልዝ ኦፊሰር የሚባለው የካውንቲው ጤና መምሪያ የበላይ ሃላፊ ነው፣ 23ቱ ካውንቲና ባልቲሞር ከተማ አንድ አንድ ነው ያላቸው። ጠያቂዋ ሴትዮ እርሳሷን አንስታ ቃሉን ከበበችው፣ ትንሽ ቆይታ ደግማ ከበበችው፣ ከዛ ፈገግ ብላ "በ26 ዓመትህ?" አለችኝ። ላስረዳት ስል እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ ያቺ ፈገግታ እስከዛሬ ታቃጥለኛለች።

ማታውኑ አጠፋሁት። እሱን ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ የሀገር ቤት ስራዬን በሙሉ አጥፍቼ ስድስት ዓመት ቀን ነርሲንግ ሆም ማታ ፓርኪንግ ሰራሁ። ስራ አይናቅም፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው። ግን የሆንኩትን ሰው እኔው ራሴ ነኝ የደበቅኩት።

ማስተርሴን ጨርሼ ከታች ጀምሬ እዚህ ወንበር ላይ ከደረስኩ በኋላ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግስት የሚሰጠው የጤና መድን፣ ቤት ለቤት ለሚሄዱ የጤና ሰራተኞች ይክፈል አይክፈል የሚል ክርክር ተነሳ፣ ሁሉም ትናንት የተገኘ ነገር አስመስሎ ያወራል፣ ዝም ብል ዝም ብል አልቻልኩም። እኛ አገር ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ፣ ለ5,000 ሰው ገደማ አንድ ጤና ኬላ፣ ኋላ ደግሞ የየቤቱ የጤና መረጃ የሚያዝበት ፋሚሊ ፎልደር እያልኩ ዘረዘርኩላቸው። "በጎ ፈቃደኞች ናቸው?" አሉኝ። አይደሉም፣ አንድ ዓመት ሰልጥነው በመንግስት ደሞዝ ነው አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እዚህ ገንዘቡ ሞልቶ ሽማግሌው ብቻውን አፓርትመንት ውስጥ ስኳሩ ከፍ ብሎ አምቡላንስ እስኪያነሳው በሩን የሚያንኳኳ የለም፣ እኛ ጋ ደግሞ የምታንኳኳዋ ልጅ አለች፣ መድሃኒቱ ያልቅባታል፣ ደሞዟ አይበቃትም፣ እኛ አለቆቿም ሪፖርት ስናሳምር ነው የኖርነው።

ለመምጣት ያሰባችሁ የጤና ልጆች፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕታችሁን ከሬጅስትራር ሳታስጨርሱ እንዳትሳፈሩ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ሰው እየለመንኩ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሲቪ ላይ ማዕረጉን ብቻ አትጻፉ፣ እዚህ ሌላ ትርጉም ይሰጡታል፣ ስንት ሰራተኛ መራችሁ፣ ስንት ህዝብ ታገለግሉ ነበር፣ እሱን ጻፉ። የኔ ወረዳ 5 ጤና ጣቢያና 22 ጤና ኬላ ነበረው። አሁን ሲቪዬ ላይ መልሼ አስገብቼዋለሁ፣ ከነወረዳው ስም።