ራሳቸውን የጠረጠሩ ተመራማሪዎች

የሳይንስ ፋኩልቲያችን የምርምር ሳምንት ትናንት ተጠናቀቀ። ማስታወሻ ደብተሬ በቀስቶች፣ በጥያቄ ምልክቶችና ተጀምረው ባልተጨረሱ ቀመሮች ተሞልቷል፤ እያደር ለእኔም የማይነበብ እንደሚሆን ስለማውቅ፣ ያልተረሳኝን ዛሬውኑ በቅጡ ላሰፍረው ወደድሁ። ስለ ሁሉም ገለጻ አልጽፍም። ከፊሎቹ አርባና ሃምሳ ስላይድ በሃያ ደቂቃ ለመጨረስ የተደረጉ ሩጫዎች ስለነበሩ፣ ተናጋሪውም ሰሚውም ደክመው ወጥተዋል። ልብ ብዬ የተከታተልኋቸውን ገለጻዎች ግን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፦ አቅራቢዎቹ ያገኙትን ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ ውጤቱ ስህተት ሊሆን የሚችልባቸውን መንገዶች እንዴት አንድ በአንድ እየመረመሩ እንደዘጉ ጭምር አስረዱን።

ሰኞ ጠዋት ስለ ስበት ሞገድ (ግዙፍ የሰማይ አካላት ሲዋሐዱ ኅዋን እያወዛወዘ ስለሚጓዝ ሞገድ) የተሰጠው ገለጻ ከሁሉም በላይ ይህንን አሳይቶኛል። ዋናውን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 በአሜሪካ በሃንፎርድና በሊቪንግስተን የሚገኙት ላይጎ የተባሉ የስበት ሞገድ መለኪያ መሣሪያዎች፣ 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀው ከተዋሐዱ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች የመጣ ሞገድ መዘገቡ። የአንዱ ጉድጓድ መጠነ ቁስ የፀሐይን 36 እጥፍ፣ የሌላው ደግሞ 29 እጥፍ ያህል ነበር፤ ከውህደቱ የወጣው ግን 62 እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ የሦስት ፀሐይ ያህል ቁስ ወደ ሞገድነት ተለውጦ ሄዷል። መሣሪያዎቹ አራት ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ክንዶቻቸው ላይ የለኩት የርዝመት ለውጥ ከአንድ ፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጅ ያነሰ ነው።

መምህሩ ግን በዚህ ላይ ብዙ አልቆዩም። ይልቁንም ወደ እ.ኤ.አ. 2010 መለስ ብለው፣ ጥቂት የተመረጡ ሰዎች በመረጃው ውስጥ ሰው ሠራሽ ምልክት በድብቅ አስገብተው እንደነበር፣ ይህንን የማያውቁት በመቶዎች የሚቆጠሩ የቡድኑ አባላት ምልክቱን ለወራት እንደተነተኑትና ለኅትመት የሚሆን ጽሑፍ ሳይቀር እንዳዘጋጁለት፣ በማርች 2011 በተደረገ ስብሰባ ላይ ምስጢሩን የያዘው ፖስታ ሲከፈት ሁሉም ነገር ፈተና እንደነበረ እንደተነገራቸው ተረኩልን። በመሆኑም እውነተኛው ምልክት በመጣ ጊዜ ብዙዎቹ አስቀድመው የጠየቁት «ይህስ ደግሞ ማን ያስገባው ነው?» ብለው ነበር። ሥራው እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬን ሆን ብሎ በራሱ ላይ የሚተክል መሆኑ አስደነቀኝ።

ቀጥሎ የመጣው ማብራሪያ ከሳምንቱ ሁሉ ያተረፍሁት ትልቁ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ምልክት በመሣሪያዎቹ ጫጫታ (መረጃውን በሚረብሽ የዘፈቀደ ንዝረት) ብቻ ሊፈጠር የሚችለው በ203,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ ላልበለጠ እንደሆነ ቀደም ሲል አንብቤ ነበር፤ ይህ ቁጥር ከ16 ቀን መረጃ እንዴት ሊወጣ እንደቻለ ግን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም ነበር። ዘዴው የአንዱን መሣሪያ መረጃ ከሌላው አንጻር በጊዜ ማንሸራተት ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ በብርሃን ፍጥነት የሚጓዝ ሞገድ አንዱን ነክቶ ሌላው ጋ ለመድረስ ቢበዛ 10 ሚሊ ሴኮንድ ይበቃዋል። መረጃው ከዚያ አልፎ ከተንሸራተተ ግን በሁለቱም ላይ እኩል የሚገጥም ምልክት ቢገኝ በአጋጣሚ የተገጣጠመ እንጂ ከሰማይ የመጣ ሊሆን አይችልም። ማንሸራተቱ ሲደጋገም አጭሩ መረጃ በብዙ መቶ ሺህ ዓመታት የሚቆጠር የአጋጣሚ መስፈሪያ ይሆናል።

በዚህ መሐል ከኋላ ረድፍ አንዲት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እጇን አነሣች። «ይቅርታ ዶክተር፣ እውነተኛው ምልክት በመረጃው ውስጥ እያለ አብሮ ከተንሸራተተ፣ የአጋጣሚውን ስሌት አያዛባውም?» አለች። መምህሩ ፈገግ ብለው ስላይዱን ወደ ኋላ መለሱና ግራፉ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች አሳዩአት። «ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ እነርሱም ጠይቀውታል። አንዱ መስመር ምልክቱ ተካቶ፣ ሌላው ደግሞ ወጥቶ የተሰላ ነው። ሲካተት ጫጫታው የበረታ ስለሚመስል ፈተናው በራሳቸው ላይ ይከብድባቸዋል።» ያንን ግራፍ ከዚህ በፊት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ መስመሮቹ ለምን ሁለት እንደሆኑ ግን የገባኝ በዚህች ልጅ ጥያቄ ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ኦፔራ የተሰኘው የፊዚክስ ሙከራ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊዘርላንድ ካለው ሰርን የተባለ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ያህል ምድር ውስጥ ለውስጥ በጣሊያን ወዳለው የግራን ሳሶ ቤተ ሙከራ የተጓዙ፣ ኒውትሪኖ የተባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖ ሴኮንድ ቀድመው የደረሱ መስለው ታዩ፤ በቀጣዩ ዓመት በደንብ ያልጠበቀ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ዋናው ምክንያት ሆኖ ተገኘ። በአዳራሹ የተሳቀው ሳቅ ደስ አላሰኘኝም። ቡድኑ «ከብርሃን የሚፈጥን የለም ያለውን አንስታይንን ረታን» አላለም፤ ስህተቱን ፈልገን ስላጣነው እናንተም ፈትሹልን ብሎ ነው መረጃውን ለሌሎች ያቀረበው። በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ አካሄድ አልነበራቸውም።

ስለ ማክሰኞ የምለው ጥቂት ነው። ስለ ፕሮቲን ቅርጽ የቀረበው ገለጻ በአብዛኛው የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው የአልፋፎልድ ፕሮግራም ውዳሴ ነበር። ውዳሴው ይገባዋል፤ የእ.ኤ.አ. 2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት እኩሌታም የተሰጠው ለዚሁ ሥራ ነው። እኔ የወደድሁት ግን አቅራቢው እግረ መንገዳቸውን ያነሡትን የቀለሞቹን ጉዳይ ነው፤ ፕሮግራሙ በሚሰጠው ቅርጽ ላይ እርግጠኛ የሆነበትን ክፍል በደማቅ ሰማያዊ፣ ብዙም የማይተማመንበትን ደግሞ በብርቱካናማ ይቀባዋል። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጎ እያተመ ይህንን ማስጠንቀቂያ ይሰርዘዋል።

የረቡዑ ገለጻ የእኔኑ መስክ የሚመለከት ስለነበር ከፊት ረድፍ ተቀመጥሁ። አንዲት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ፔሮቭስካይት ከተባለ የክሪስታል ቁስ ስለሚሠሩ የፀሐይ ሴሎች አቀረበች። እነዚህ ሴሎች እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩ ከደረሳቸው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጡት 3.8 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ዛሬ በላቦራቶሪ ከ26 በመቶ አልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መስክ የሚቀርብ ገለጻ በዚህ የሽቅብ ግራፍ ይጀምርና ተናጋሪው በሠራው ምርጥ ሴል ይደመደማል። እርሷ ግን ምርጡን ሴል ብቻ ነጥላ አላሳየችንም፤ የሠራቻቸውን ሁሉ በነጥብ በነጥብ ዘርዝራ፣ ከታች የተንጠባጠቡትን ሳይቀር በአንድ ሥዕል ላይ አስቀመጠቻቸው።

ከዚያ ደግሞ ሌላው ሰው የሚሸሸውን ነገር አመጣች። የሴሉ ጅረት በተለያየ ቮልቴጅ ሲለካ፣ ቮልቴጁን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ በመውሰድና ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ በማምጣት የሚገኙት ሁለት መስመሮች ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ በቁሱ ውስጥ አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሞሉ አተሞች) ቀስ እያሉ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ያው አንዱ ሴል በአንዱ አቅጣጫ ጥሩ፣ በሌላው ደካማ መስሎ ይታያል። የተሻለውን መስመር ብቻ መርጦ ማሳተም ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። ከእኔ አጠገብ የተቀመጡት አንጋፋ ፕሮፌሰር ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ ሴሉን ከፍተኛ ኃይል በሚሰጥበት ቮልቴጅ ላይ አቁመሽ ለደቂቃዎች ስትጠብቂው ምን ሰጠሽ?» ሲሉ ጠየቋት። «ፕሮፌሰር፣ ከሁለቱ መስመሮች መካከል ወደ ዝቅተኛው ይጠጋል» ብላ ግራፉን አወጣች። በዋናው ገለጻ ላይ የጻፈችውም ይህንኑ ዝቅተኛ ቁጥር ነበር። ፕሮፌሰሩ ማይክሮፎኑን ሲመልሱ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ እርሳቸውን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

በመጨረሻ ያሳየችን ሁለት ፎቶግራፎች እርጥበት ያገኘውን ፊልም ነበር። በመጀመሪያው ፊልሙ መስተዋት የመሰለ ጥቁር ቡናማ ነው፤ በሁለተኛው ከዳር ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ሄዷል። ቢጫው ቁሱ ሲፈርስ የሚቀረው የእርሳስ (ሊድ) አዮዳይድ ነው፤ እርሳሱ መርዝ መሆኑንም ሳይጠይቋት ተናገረች። እኔ ከዚህ በኋላ በሁለቱም አቅጣጫ ያልተለካ ሴል ላለማቅረብ ወስኛለሁ።

ሐሙስ ዕለት ስለ ወባ ፈጣን ምርመራ የሰማነው ነገር ደግሞ ስህተቱ ከመለኪያው አልፎ ከሚለካው ነገር የመጣበት ጉዳይ ነው። በስፋት የሚሠራባቸው ፈጣን መመርመሪያዎች የሚያነፈንፉት፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ-2 የተሰኘ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ በወጣ ጥናት፣ ይህንን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል ጭራሹን የጠፋባቸው ተሕዋስያን መኖራቸው ተገለጸ። እንዲህ ያለ ተሕዋስ የያዘው ሰው በመመርመሪያው ነጻ ነህ ይባላል፤ ሳይታከም ስለሚቀርም በምርመራው ያመለጠው ተሕዋስ ወደ ሌሎች የመተላለፍ ዕድል ያገኛል። በዚህ ሳቢያ የሚያመልጡ ሕሙማን ከ5 በመቶ ሲያልፉ መመርመሪያው እንዲቀየር የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። አዳራሹ ጸጥ ያለው እዚህ ላይ ነበር፤ ቀደም ሲል የሰማነው ስህተት ሁሉ የሚያሳፍረው ተመራማሪውን ሲሆን፣ የዚህኛውን ዋጋ የሚከፍለው ታማሚው ነውና።

ዓርብ ከቀረቡት መካከል ስለ ጽንፈ ዓለም የመስፋፋት ፍጥነት የተደረገው ገለጻ፣ ስህተትን አሳድዶ መጨረስ ሁልጊዜ እርቅ እንደማያወርድ አስረዳኝ። ከጥንታዊው የጽንፈ ዓለም ብርሃን የሚነሣው የፕላንክ ሳተላይት ስሌት 67.4 ሲሰጥ፣ በተለዋዋጭ ከዋክብትና በሱፐርኖቫዎች የሚደረገው ልኬት ደግሞ 73 ገደማ ይሰጣል፤ ሁለቱም በሜጋ ፓርሴክ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት) በሴኮንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከዋክብቱ ተጨናንቀው ብርሃናቸው ስለተቀላቀለ ይሆን የሚለውን ጥርጣሬ በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ፈተሹት፤ ልዩነቱ አልጠፋም። ሌላ ቡድን ደግሞ ተጨማሪ የከዋክብት ዓይነቶችን ተጠቅሞ በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ቁጥር አገኘ። አቅራቢዋ የትኛውን እንደሚያምኑ ሲጠየቁ፣ «ለማመን ገና ነው» ብለው ተቀመጡ። አንዳንዱ ሰው በዚህ መልስ ቅር ሲሰኝ አይቻለሁ።

ከዚሁ ሳምንት ውስጥ የስህተት መጠን ምልክት የሌለው የዓምድ ግራፍ ብቻ የደረደረ ገለጻም ነበር። ከእኛ ተማሪዎች አንዱ ስለዚሁ ሊጠይቅ ሲነሣ የመድረክ መሪው ሰዓት አልቋል አሉ፤ ለሌላው ሁሉ ሰዓት የተገኘለት መርሐ ግብር ለጥያቄ አምስት ደቂቃ ማጣቱ አናደደኝ። ስለዚህ በአስተያየት መስጫው ቅጽ ላይ፣ ለጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ የገለጻው እኩሌታ እንዲሆንና እያንዳንዱ አቅራቢ ውጤቱ ሊፈርስ የሚችልበትን ምክንያት የሚገልጽ አንድ ስላይድ እንዲያቀርብ ጠየቅሁ። አስተባባሪው ቅጹን እዚያው ቆመው አነበቡትና፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት መድረኩን አንተ ትመራና ፕሮፌሰሮቹን በሰዓታቸው ታስወርዳቸዋለህ» አሉኝ። ስሜን በዝርዝራቸው ላይ ጽፈዋል።