በፍራንክ ሶናታ ውስጥ ያለው ካኖን፦ ከቫዮሊን ጋር ያደረግነው ልምምድ

ባለፈው ሳምንት እኔ በፒያኖ፣ የልምምድ ባልደረባዬ ደግሞ በቫዮሊን፣ የፈረንሳይ ቻምበር ሙዚቃ (ለጥቂት መሣሪያዎች የተጻፈ ሙዚቃ) ብቻ ያቀፈውን ዝግጅታችንን በወዳጆቻችን ፊት ከዳር እስከ ዳር ተጫወትን። የሴዛር ፍራንክ ሶናታ (በክፍሎች የተከፋፈለ የመሣሪያ ሙዚቃ) የመጨረሻ ክፍል ሳይደናቀፍ መውጣቱ እጅግ ስላስደሰተኝ፣ ተመሳሳይ ሥራ ለጀመራችሁ ወዳጆች ልምዳችንን ላካፍል ወደድኩ።

በጋብርኤል ፎሬ የመጀመሪያ ሶናታ ጀመርን፤ ፈጣን ጣት ቢጠይቅም ዜማው ራሱ ተጫዋቹን ይመራል። ቀጥሎ ክሎድ ደቡሲ በሕመም ላይ ሳለ በ1917 ያጠናቀቀውን ሶናታ ተጫወትን። ደቡሲ ስድስት ሶናታዎች ለመጻፍ አቅዶ ሦስቱን ብቻ ነው የጨረሰው። በእኔ እምነት ይህን ሥራ በዝግታ ደጋግሞ ማንበብ ከማንኛውም የጣት መልመጃ ይበልጣል።

አብዛኛውን ጊዜያችንን የወሰደው ግን ፍራንክ ነው። በቤልጂግ ሊዬዥ ተወልዶ ፓሪስ የኖረው ይህ ሰው ሶናታውን በ1886 የጻፈው ለቫዮሊኒስቱ ለኦዤን ኢዛይ የሠርግ ስጦታ ነው። ፒያኒስቶች የሚፈሩት ሁለተኛውን ክፍል ነው፤ አራተኛው በኖታ ላይ ሲታይ የዋህ ይመስላል። ፒያኖው ዜማውን ይጀምራል፣ ቫዮሊኑ ያንኑ ዜማ አንድ ሜዠር (አንድ የምት ክፍል) ዘግይቶ ይከተላል፤ ካኖን የሚባለው እንዲህ ያለው መከታተል ነው። ችግሩም ከዚሁ ይነሳል። እኔ የሐረጌ መጨረሻ ላይ ደርሼ ትንሽ ላዘግም ስል፣ ባልደረባዬ ገና የራሷ ሐረግ መካከል ላይ ናት፤ ስለዚህ ለእኔ እስትንፋስ የሆነው ለእሷ መሰናክል ይሆናል። በዚህ ላይ የፒያኖ ድምፅ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ሲሄድ፣ ቫዮሊን ቀስቱ እስኪያልቅ ድረስ ድምፁን ማሳደግ ይችላል።

ለዚህ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖምን፣ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሜትሮኖም ሁለታችንንም ቀጥ አድርጎ ያስኬደናል እንጂ ማን የት እንደሚተነፍስ አያስማማንም። እኛን የረዳን ከመሣሪያው ርቆ መዘመር ነው፤ የየራሳችንን መስመር ዘምረን ስናበቃ መስመር ተለዋወጥንና እሷ የእኔን፣ እኔም የእሷን ዘመርን። ከዚያ የቀኝ እጄን የላይኛውን ዜማ ብቻ ይዤ ከቫዮሊኑ ጋር ተጫወትኩ፤ ባሱን (የታችኛውን ድምፅ) ቀጥዬ ጨመርኩ፤ የመካከለኞቹን ድምፆች ግን ጣቴ ቁልፉን ለመጫን ያህል ብቻ እየነካ በመጨረሻ አስገባኋቸው። ድምፅ የሚያስረዝመው ፔዳልም ባሱ በተለወጠ ቁጥር ተለቅቆ እንደገና ይረገጣል። ቫዮሊኑ ሲሸፈን የፒያኖውን ክዳን መዝጋት የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ክዳኑ የሁሉንም ድምፅ እኩል ያደበዝዛል፣ ዜማውንም ከመካከለኞቹ ድምፆች ጋር አብሮ ያፍናል። ሚዛኑን መፍጠር ያለበት እጅ ነው።

የቅኝቱም ነገር ቀላል አይደለም። ቫዮሊኒስቶች በሶናታው ቅኝት በኤ ሜጀር፣ ከኤ በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚለውን ጂ ሻርፕን ወደ ኤ ጠጋ አድርገው ከፍ ማድረግ ይወዳሉ፤ ብቻቸውን ሲጫወቱም ያምራል። በካኖን ግን አድማጩ ያንኑ ድምፅ ጥቂት ቀደም ብሎ ከፒያኖ ስለሰማው ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል፤ የፒያኖ ቅኝት መሀል ጨዋታ ላይ ስለማይለወጥ ደግሞ መጠጋት ያለበት ቫዮሊኑ ነው። ባልደረባዬ ይህን የተለማመደችው እኔ ዜማዬን በዝግታ ስጫወት ከእኔ እኩል በአንድነት በመጫወት ነው።

ሁለተኛው ክፍል አሁንም በምፈልገው ፍጥነት አልወጣልኝም፤ በዝግጅቱም ላይ ረጋ ብለን ነው የተጫወትነው፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ከእኔ ምክር አትጠብቁ። ቀጣዩ ሥራችን ሞሪስ ራቬል በ1927 የጨረሰው፣ መካከለኛው ክፍሉ «ብሉዝ» የተሰኘው ሶናታ ነው። ራቬል ፒያኖና ቫዮሊን በባሕርያቸው የማይጣጣሙ መሣሪያዎች መሆናቸውን ያምን ስለነበር ልዩነታቸው እንዲጎላ አድርጎ ጽፏል፤ ስለዚህ በካኖኑ እርስ በርስ ለመመሳሰል የለፋንበትን ያህል፣ በዚህኛው ተለያይተን መሰማትን መለማመድ አለብን።