ቁጥሩ ብቻ አይበቃም

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ከቦክሰኞች ማን ይበልጣል ብለን ስንከራከር ሻዩ ቀዘቀዘ። "ሜይዌዘር 50 ተጋጥሞ 50 አሸነፈ፣ ማርሲያኖ 49። በቃ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" አለኝ። አልተዋጠልኝም። የሜይዌዘር 50ኛ ድል እኮ እ.ኤ.አ. በ2017 የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚው ማክግሪገር ላይ የተገኘ ነው፤ ማክግሪገር በፕሮፌሽናል ቦክስ ሲጋጠም ያ የመጀመሪያው ነበር! (የሜይዌዘርን የመከላከል ችሎታ ግን ማንም አይክደውም።)

ማታ ቤት ገብቼ የማርሲያኖንና የዎልኮትን ፍልሚያ እንደገና አየሁት። እ.ኤ.አ. 1952፣ ፊላደልፊያ። ማርሲያኖ ገና በመጀመሪያው ዙር ወድቆ ተነሳ። በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ 13ኛው ዙር ደረሰ። ከዚያ አንዲት አጭር የቀኝ ቡጢ። ዎልኮት ግራ እጁ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀስ ብሎ በጉልበቱ ወረደ። ያቺን ቅጽበት ሦስቴ መልሼ አየኋት። ከ49ኙ ድሎች 43ቱ በዝረራ ናቸው።

የእኔ ልብ ያለው ግን ከሜክሲኳዊው ቻቬዝ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊቴከር ጋር አቻ እስኪወጣ ድረስ 87 ጊዜ ተጋጥሞ 87ቱንም አሸንፏል። አቻውንም ቢሆን ዊቴከር አሸንፎ ነበር ባይ ነኝ። በማግስቱ ዓመት ተሸነፈ። ማርሲያኖ በ32 ዓመቱ ጓንቱን ሲሰቅል ቻቬዝ መፋለሙን ቀጠለ፤ ለዚህ ብሎ ከታላላቆቹ ተራ የሚያወጣው ሰው ያናድደኛል።

ነገ ምሳ ላይ እ.ኤ.አ. የ1990ውን የቻቬዝና የቴይለር ፍልሚያ በስልኬ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ሊያልቅ 2 ሰከንድ ሲቀረው ዳኛው ያስቆመውን።