ምች መስሎን ነበር

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ዝም ብዬ ማለፍ ስለማልችል ስለ ልጄ ልመስክር። የምንኖረው ሐዋሳ ነው።

መጀመሪያ የታመመው በሁለት ዓመቱ ነው። እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ቆሎ ቀርቦ ነበር። እናቴ ኦቾሎኒውን ከገብሱ እየለቀመች፣ በጥርሷ እየሰባበረች አጎረሰችው። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ አበጠ፤ አንገቱና ሆዱ ላይ ሽፍታ ወጣ። «ምች መታው» አልን። ዳማ ከሴ አሽተን ቀባነው። ማታ ጎደለለት። ኦቾሎኒውን ማን ይጠርጥር?

ሁለተኛው ሁዳዴ ላይ ነው። ካፌ ተቀምጠን ከለውዝ ሻዬ ሁለት ማንኪያ አቀመስኩት። «እማዬ፣ አፌን በላኝ» አለኝ። ምላሱን በጥርሱ ይፍቅ ጀመር። ከዚያ አስመለሰው፤ ዓይኑም አበጠ። እኔ ምግቡ የተበላሸ መሰለኝ። ጎረቤቴ «የሰው ዓይን ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ከሕመሙ ይልቅ ከየት እንደሚመጣ አለማወቄ አስጨነቀኝ።

ሐምሌ 19 ቀን ሐዋሳ ገብርኤል እንዴት እንደሚሞላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከሚፈላው ውኃ የዳኑበት በዓል ነው። እኔም እናት ነኝና ልጄን አዝዬ ቆምኩ። «አድንልኝ» ብቻ አላልኩም። «አባቴ ገብርኤል፣ ልጄን የሚያሠቃየው ምን እንደሆነ ግለጥልኝ» አልኩ። ጃንጥላ ተሳልኩ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ፍልሰታ ገብቷል። የጎረቤቴ ሕፃን ክብደቱ ቀንሶ ከጤና ጣቢያ ፕላምፒ ነት የሚባል የከረጢት ምግብ ይሰጠው ነበር። የኔው ልጅ እነሱ ቤት ሲጫወት ከከረጢቱ የተረፈውን ጨምቆ ላሰ። ሲመጣ ጣቱ ላይ ቡናማ ቅባት ነበረ፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩለት። ቡናዬን ሳልጨርስ ሳል ያዘው። ድምፁ ጎረነነ። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ፊቱ አመድ መሰለ።

አቅፌው ወጣሁ። ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ በረረ። እኔ «ገብርኤል ድረስ!» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ነርሷ ካርድ አውጪ አላለችኝም። «ምን በላ?»

«ምንም። የጎረቤት ልጅ ፕላምፒ ነት ላሰ እንጂ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ፕላምፒ ነት እኮ ኦቾሎኒ ነው! ከዚህ በፊት ኦቾሎኒ በልቶ ታሞ ያውቃል?»

ቆሎው ትዝ አለኝ። የለውዝ ሻዩ ትዝ አለኝ። የለመንኩት መልስ ከነርሷ አፍ ወጣ። እሷ ግን እኔን አልጠበቀችም። «ስንት ኪሎ ነው?» አለች፤ 16 አልኳት። ከትንሿ ብልቃጥ አድሬናሊን የሚባለውን መድኃኒት ስባ ጭኑ ላይ ወጋችው። ደቂቃዎች አለፉ። ፉጨቱ ረገበ። «እማዬ፣ ውኃ» አለኝ።

ተሻለው ብዬ ልሄድ ስል ከለከሉኝ። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሳበት ይችላልና እስከ ማታ አቆዩን። በኋላም የሕፃናት ሐኪም ሦስቱንም ታሪክ ሰምቶ የኦቾሎኒ አለርጂ መሆኑን ነገረኝ። ከቆሎ ውስጥ ኦቾሎኒውን ለቅሞ ማውጣት አይበቃም፤ የቀረው ብናኝ ራሱ ሊጥለው ይችላል። የአለርጂ ሽሮፕ ማሳከኩን ያስታግሣል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። እናቶች፣ ይህቺን ያዙልኝ፦ ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ወይም ሽፍታና ማስመለስ ከተከታተሉ፣ አድሬናሊን ወዳለበት መሮጥ ነው። ምች ነው ብላችሁ አትቀመጡ።

ዛሬም ድረስ የሚከብደኝ ጉርሻ ነው። በእኛ ቤት የልጅን አፍ ከጉርሻ መከልከል ነውር ነው። ለቅሶ ቤት አንዲት እናት እጃቸውን ዘርግተው «እንዴ፣ ከኔ እጅ አይበላም?» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እጃቸውን ስሜ፣ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አለቀሱ። አሁን እኔ ከመናገሬ በፊት እሳቸው ናቸው ለሰው የሚናገሩት። እናቴም ለእሱ ለብቻው ምጣድ ገዝታ ገብስ ትቆላለታለች። ትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ስለሚቃመሱ፣ ለመምህርቱ ምልክቶቹን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ።

«በጸበል ካመንሽ ምን ያስፈራሻል?» ያሉኝም አሉ። ጸበል እናስጠምቀዋለን። የንስሐ አባቴ ግን መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ገልጠው፣ ሐኪምን አክብር የሚለውን አነበቡልኝ። «ነርሷንም መርፌውንም የላከልሽ እሱ ነው» አሉኝ። አለርጂው ከአምስት ልጆች አንዱን ገደማ ሲያድግ እንደሚለቀው ሐኪሙ ነግሮኛል። ስለዚያ እየጸለይኩ ነው። እስከዚያ አንዲትም ፍሬ አላቀምሰውም።

ስለቴን ያገባሁት ታኅሣሥ 19 ነው። ልጄ የጃንጥላውን እጀታ ከእኔ ጋር ይዞ ነበር። እልል ልል አፌን ስከፍት ዕንባ አነቀኝ። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች፣ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ፣ እልልታውን ተቀብለው ጨረሱልኝ።